ራይዘን 5 5600 ወይስ ኮር አይ5-12400ኤፍ? ለቢሮ ስራና ለጌም

ናቲ_ገርጂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ዴስክቶፕ ልገጥም ነው፣ ሁለት ፕሮሰሰር ላይ ደርሼ ተወስኛለሁ። የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600 እና የኢንቴሉ ኮር አይ5-12400ኤፍ። ሁለቱም 6 ኮር 12 ትሬድ ናቸው፣ ሁለቱም እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይወጣሉ፣ ሁለቱም የወጡት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ በዋጋም ብዙ አይራራቁም።

ስራዬ ሂሳብ ነው። ቀን ቀን ፒችትሪ፣ ትልልቅ የኤክሴል ፋይል፣ ክሮም ላይ ሃያ ምናምን ታብ። ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ኢኤ ኤፍሲና ጂቲኤ 5 እንጫወታለን፣ እሱ ደግሞ ካውንተር ስትራይክ 2 ካልከፈትኩለት አይተኛም። ሞኒተሬ ፉል ኤችዲ 75 ኸርዝ ነው። ከድሮው ኮምፒውተሬ የነቀልኳቸው ሁለት ፍሬ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራሞች አሉኝ፣ ባለ 3200። ግራፊክስ ካርድ አርኤክስ 6600 አስቤያለሁ፤ እሱን ግን አሁን አልችለውም፣ ሁለት ሶስት ወር ቆይቼ ነው የምገዛው። የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ስለሚመጣ ቀለል ያለውን ዕቃ እሱ ይይዝልኛል።

ጥያቄዬ አጭር ነው፤ የትኛው ነው ጌም ላይ ብዙ ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታይ የምስል ብዛት) የሚሰጠኝ?

አቤል_ኤፍፒኤስ፦
12400ኤፍ። ምንም ማሰብ አያስፈልግም።

ሲኒቤንች አር23 በሚባለው የፕሮሰሰር መለኪያ ላይ በአንድ ኮር 12400ኤፍ ወደ 1700 ነጥብ ይጠጋል፣ 5600 ከ1500 ብዙም አይርቅም። ፒችትሪና ኤክሴል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሯሩጡት አንድ ኮር ነው። ፎርሙላ ሙሉ ሺት ስትጎትት ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ሀንግ የሚያደርገው እዚያ ጋ ነው። በተጨማሪ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ሶኬት ኤልጂኤ 1700 ስለሆነ ነገ 13ኛም 14ኛም ትውልድ ትሰካበታለህ።

ቀዩ_ቡድን፦
አቤል፣ አንተ ሲኒቤንች ነው እንዴ የምትጫወተው?

ናቲ፣ የ5600 ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችው ፈጣን ሜሞሪ) 32 ሜጋባይት ነው፣ የ12400ኤፍ 18። ጌም የሚወደው ካሽ ነው። ኤኤምዲ በ2022 ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲን ሲያወጣ ኮሩን ሳይነካ ካሹን 96 ሜጋ አድርጎ ነው የዘመኑን ውድ ፕሮሰሰሮች የተገዳደረው። 5600 ቀዝቃዛ ነው፣ ማዘርቦርዱም ርካሽ ነው፤ መርካቶ ስላይትሊ ዩዝድ ቢ450 ቦርድ ብትፈልግ አታጣም። 12400ኤፍ ብትገዛ የምታተርፈው ነገር ማዘርቦርዱ ላይ ተመልሶ ይሄዳል።

አቤል_ኤፍፒኤስ፦
ካሽ ብቻውን ቢሆንማ 12400ኤፍ በ18 ሜጋው ከ5600ኤክስ ጋር እኩል ባልሄደ ነበር። የፈለግከውን ሪቪው ክፈት፣ ጌም ላይ ልዩነታቸው ከመቶ ጥቂት ነው፣ አንዱ ጌም ላይ ይሄ ይቀድማል፣ ሌላው ላይ ያ።

ማሂ_ጥገና፦
ሁለታችሁም የልጁን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አላነበባችሁም።

ናቲ፣ የኤፍፒኤሱን መልስ አስቀድሜ ልስጥህና እንገላገል። ሪቪው የሚሰሩ ሰዎች ፕሮሰሰር ሲያወዳድሩ በጊዜው ያለውን ውድ ግራፊክስ ካርድ የሚሰኩት ካርዱ ማነቆ እንዳይሆን ብለው ነው። ከመቶ አምስትም ሆነ ስድስት ልዩነት የሚታየው እዚያ ላይ ነው። አርኤክስ 6600 ስትሰካ ጂቲኤ 5ም ኢኤ ኤፍሲም በሁለቱም ፕሮሰሰር 75ን አልፈው ይሄዳሉ፤ ሞኒተርህ ደግሞ ከ75 በላይ አያሳይህም። ወንድምህ ካውንተር ስትራይክ ላይ ቁጥሩን እያየ ሊደሰት ይችላል፣ ዓይኑ ግን አይለየውም። ስለዚህ በኤፍፒኤስ መምረጥህን ተወው።

ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ካርዱን የምገዛው ሁለት ሶስት ወር ቆይቼ ነው ብለሃል። 12400ኤፍ ስሙ ላይ ያለችው ኤፍ የውስጥ ግራፊክስ የለውም ማለት ናት። 5600ም የለውም። ከሁለቱ የትኛውንም ብትገዛ፣ ያንን ሁሉ ገጥመህ ስታበራው ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪንህ ግን ጥቁር ነው። ፒችትሪ ቀርቶ ሲነሳ የሚመጣውን የባዮስ ገጽ እንኳ አታይም።

ናቲ_ገርጂ፦
እንዴ! ማዘርቦርዱ ላይ ኤችዲኤምአይ አለው እኮ። ፎቶው ላይ በደንብ ይታያል።

ማሂ_ጥገና፦
ቀዳዳውማ አለ። ምስሉ ግን ከፕሮሰሰሩ ነው የሚመጣው፣ ማዘርቦርዱ መተላለፊያ ብቻ ነው። እኔ ጋ "ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል" ተብለው ከሚመጡ አዲስ ግጥም ኮምፒውተሮች ውስጥ የዚህ ዓይነቶቹ ጥቂት አይደሉም። ሰውየው ዕቃውን ከሻጩ ጋር ተጣልቶበት ነው የሚመጣው፣ ዕቃው ግን ጤነኛ ነው።

ስለዚህ ምርጫህ በእውነት እነዚህ ናቸው፤ ኮር አይ5-12400 ያለ ኤፍ፣ ወይም ራይዘን 5 5600ጂ። የመጀመሪያው ያው 12400ኤፍ ሆኖ ዩኤችዲ 730 ግራፊክስ አለው። ሁለተኛው ግን ስሙ ይመሳሰል እንጂ 5600 ማለት አይደለም። ካሹ ከ32 ወደ 16 ሜጋ ወርዷል፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሰጠው መገናኛ መስመርም ፒሲአይኢ 4.0 ሳይሆን ቀርፋፋው 3.0 ነው።

ቀዩ_ቡድን፦
ልክ ነሽ ማሂ፣ ግን አንድ ነገር ጨምሪበት። የ5600ጂ ቬጋ 7 ግራፊክስ ከዩኤችዲ 730 በእጅጉ ይበልጣል። ካርድ ሳይኖረው በሚቆይባቸው ወራት ጂቲኤ 5ን ሴቲንጉን ዝቅ አድርጎ በደህና ይጫወታል። በዩኤችዲ 730 ግን መንፏቀቅ ነው።

ራሞቹም ሁለት ፍሬ መሆናቸው ጥሩ ሆነለት። የውስጥ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ነው የሚበደረው፣ አንድ ፍሬ ራም ላይ ቬጋ 7 ጉልበቱን በብዙ ያጣል።

አቤል_ኤፍፒኤስ፦
ለሁለት ወር ጌም ብሎ ለአራት ዓመት የሚያገለግለውን ካሽ ግማሹን ይጣል? ወንድሙ ሁለት ወር ይታገስ፣ ትምህርቱንም ያጥና።

ደግሞ የፒሲአይኢው ነገር ቀላል አይደለም። አርኤክስ 6600 ስምንት መስመር ብቻ ነው የሚጠቀመው። 3.0 ላይ ስትሰካው የሚቀንሰው ትንሽ ነው፣ እሱን እቀበላለሁ። ግን ያን ጊዜ ብር አንሶት አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ቢገዛ እሱ አራት መስመር ብቻ ነው ያለው፣ ሜሞሪውም 4 ጊጋ ነው፣ 3.0 ላይ በግልጽ ይጎተታል።

የድሮ_ቴክኒሺያን፦
ልጆች፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰው ገጥሞ ያልሰራለትን በመፍታት ስለሆነ የማወራው ስለ ማዘርቦርድ ነው።

ቀዩ ቡድን፣ ቢ450 አይጠፋም ያልከው እውነት ነው። ግን ቢ450 የወጣው ራይዘን 5000 ሳይወለድ ነው። ባዮሱ አሮጌ ከሆነ 5600ን አያውቀውም፣ እንደ ሌለ ነው የሚቆጥረው። ባዮሱን ለማደስ ደግሞ የሚያውቀው አሮጌ ፕሮሰሰር ያስፈልግሃል። አንዳንድ ቦርድ ከኋላው ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ የሚያድስበት ቁልፍ አለው፤ ብዙው ርካሽ ቦርድ የለውም። ስትገዛ "አፕዴት ተደርጓል" ቢሉህ ባዮሱን ከፍተው ያሳዩህ፣ ሳታይ እንዳትከፍል። ቢ550 ብትገዛ ይሄ ጣጣ ያንሳል፣ ከ5600 ጋር ፒሲአይኢ 4.0ም ይሰጥሃል። ቢ450 እና ኤ520 ከ3.0 አያልፉም።

ሁለተኛ፣ ፒን። ኤኤም4 ላይ (የ5600 ሶኬት ነው) ፒኑ ያለው ፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ነው፤ ኤልጂኤ 1700 ላይ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ራይዘን ስትገዛ ፕሮሰሰሩን ገልብጠህ በመስመር በመስመር እየው፣ ያገለገለ ኢንቴል ቦርድ ስትገዛ የሶኬቱን ክዳን አስነስተህ በስልክህ መብራት እየው። የተጣመመ ፒን አቃንተንልሃል ብሎ የሚሸጥ አለ፤ ዛሬ ሰርቶ ነገ አንዱን የራም ቀዳዳ አላውቅህም ይላል።

ኤኤም4 ላይ ማቀዝቀዣውን ስትነቅልም ተጠንቀቅ። በመካከላቸው የሚቀባው ፔስት ከደረቀ የሶኬቱ ቁልፍ እንደተዘጋ ፕሮሰሰሩን መንጭቆት ይወጣል። ኮምፒውተሩን ጥቂት አሙቀህ አጥፋው፣ ከዚያ ወደ ላይ ሳትስብ ቀስ ብለህ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙረው።

ሶስተኛ፣ ዲዲአር4 ራም አለኝ ብለሃል። 12400 ዲዲአር4ም ዲዲአር5ም ይቀበላል፣ ማዘርቦርዱ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው። ቢ660 እና ቢ760 ቦርዶች በሁለቱም ዓይነት ተሰርተዋል፣ ሳጥኑም አንድ ይመስላል። ስሙ መጨረሻ ላይ ዲ4 ወይም ዲዲአር4 የሚል ካላየህ ጠይቅ። የዱባዩ ዘመድህ ባለ ዲዲአር5ቱን ይዞልህ ቢመጣ ራሞችህ ጌጥ ሆነው ይቀራሉ። በ2025 መጨረሻ ወራት ራም በዓለም ገበያ እንዴት እንደተሰቀለ አይታችኋል፤ ያለውን የሚጥል ሰው የለም።

ናቲ_ገርጂ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም። ዘመዴ ማዘርቦርዱንም ያምጣ ወይስ እዚሁ ልግዛ ይላሉ?

የድሮ_ቴክኒሺያን፦
ፕሮሰሰሩ ከዱባይ ይምጣ፣ ማዘርቦርዱን እዚህ ግዛ። ፕሮሰሰር እምብዛም አይበላሽም፣ የሚበላሸው ቦርድ ነው። ሲበላሽ ይዘህ የምትመለስበት በር ይኑርህ።

ሻርጃ_ልጅ፦
ከዚህ ከሻርጃና ከዱባይ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይጠይቅ፣ "ቦክስ ነው ወይስ ትሬይ?" ትሬይ ማለት ያለ ሳጥኑ፣ ያለ ማቀዝቀዣው የሚሸጠው ነው፤ ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው፣ ዋስትናውም አብዛኛውን ጊዜ የሻጩ ብቻ ነው። ቦክሱ ውስጥ የኢንቴሉ ላሚናር አርኤም1፣ የኤኤምዲው ሬይዝ ስቴልዝ ማቀዝቀዣ አብሮ ይመጣል። ትሬይ ገዝቶ አዲስ አበባ ላይ ማቀዝቀዣ ሲፈልግ ያተረፈውን የሚመልስ ሰው አይቻለሁ።

ፔስት ማቀዝቀዣው ሆድ ላይ ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ ዘመድህ ሻንጣ ውስጥ ሲከተው እንዳይነካካው ንገረው።

ሜካኒካል_05፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ፤ የምንኖርበት ከፍታ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየራችን ከጠረፍ ከተማ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚገፋው መጠኑ ያው ነው፣ ግን የሚገፋው አየር ቀሊል ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ለዚህ ነው ሪቪው ላይ ያየነው የሙቀት ቁጥር እኛ ቤት በትክክል የማይደገመው። የክፍላችን ቅዝቃዜ ግን ብዙውን ያካክሰዋል። ለ65 ዋት ፕሮሰሰር አብሮት የሚመጣው ማቀዝቀዣ ይበቃል፣ ነገ እንደ 14600ኬ ያለ ከባድ ፕሮሰሰር ልሰካ የሚል ግን ይሄንን አስቦ ትልቅ ማቀዝቀዣ ይግዛ።

ስለ ኤሌክትሪክ፦ ኢንቴል ለ12400 እስከ 117 ዋት ፈቅዶለታል፣ ኤኤምዲ 5600ን 76 ላይ ያቆመዋል። ወረቀቱን ላየ ራይዘን ያሸነፈ ይመስላል። ግን 12400 ሁሉም ኮሩ ሲሰራ እንኳ 117 ጋ እምብዛም አይደርስም። እንዲያውም ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ ማለትም ኤክሴል ተከፍቶ አንተ ቁጥር ስታስብ፣ ይበልጥ የሚስበው 5600 ነው። 5600 ከሁለት የተለያዩ ቺፖች የተሰራ ስለሆነ በመካከላቸው ያለው መስመር ስራ በሌለበትም አይተኛም። 5600ጂ አንድ ቺፕ ስለሆነ ይሄ ችግር የለበትም።

ዩፒኤስ አለህ?

ናቲ_ገርጂ፦
650 የሚል አለኝ።

ሜካኒካል_05፦
650 ቪኤ ነው፣ ዋት አይደለም። ዋቱ አብዛኛውን ጊዜ 360 ወይም 390 ነው፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል። አርኤክስ 6600 ብቻውን እስከ 132 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰር፣ ቦርድ፣ ሞኒተር ስትጨምር ጌም ላይ ሳለህ 280 አካባቢ ትደርሳለህ። ይሸከምልሃል፣ ግን መብራት ሲሄድ የሚሰጥህ ጥቂት ደቂቃ ነው። ፒችትሪን በወጉ ለመዝጋት ይበቃል፤ ወንድምህ ጨዋታውን ለመጨረስ አይበቃም።

ፀሐይ_ግባት፦
ሃሃሃ፣ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም ይሄዳል፣ ምን ያጫውተዋል?

ኦፕቲፕሌክስ_ንጉስ፦
ወገን፣ ለፒችትሪና ለጂቲኤ ይሄ ሁሉ ጭንቀት ለምን? ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ግዛና ካርድ ሰካበት። ሲገነባ ለቢሮ ስለሆነ ብረት ነው። ብሩ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ ወዲህ አዲስ ዕቃ መግዛት ለባለጸጋ ነው።

ማሂ_ጥገና፦
ለሂሳብ ስራ ብቻ ቢሆን እኔም ይሄንኑ ነበር የምመክረው። ግን ሁለት ነገር አለበት።

አንደኛ፣ ትውልዱ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 ድጋፍን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ዘግቷል፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ኦፕቲፕሌክስ 7060 ያልፋል፣ 7040 እና 7050 አያልፉም፣ ገበያው ላይ ግን ሶስቱም በአንድ መደርደሪያ፣ በተቀራራቢ ዋጋ ነው የሚቀመጡት። በዘዴ ዊንዶውስ 11 የተጫነበትን አሮጌ ማሽን "ይሰራል" ብለው ያሳዩሃል፣ አዎ ይሰራል። የሰው ሂሳብ የሚይዝ ሰው ግን ነገ አፕዴት እምቢ በሚል ማሽን ላይ ባይተማመን እመርጣለሁ።

ሁለተኛ፣ የነዚህ ማሽኖች ፓወር ሶኬቱ የራሱ ዓይነት ነው፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ሽቦም አብዛኛው የለውም። አርኤክስ 6600 ባለ 8 ፒን ሽቦ ይፈልጋል። መቀየሪያ ገመድ ፍለጋ ትገባለህ፣ እሱ ደግሞ የማያልቅ ነገር ነው።

የድሮ_ቴክኒሺያን፦
ፓወር ካነሳሽ አይቀር፦ ናቲ፣ ከኬዙ ጋር በነጻ የሚሰጥ "500 ዋት" የተጻፈበትን ፓወር አትቀበል። በእጅህ መዝነው፣ ላባ ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው። እኛ ሰፈር ቮልቴጁ ሲዋዥቅ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው፣ ሲሞትም ብቻውን አይሞትም። ከፕሮሰሰሩ ላይ ቀንሰህም ቢሆን ደህና ፓወር ግዛ።

ቀዩ_ቡድን፦
እሺ፣ ስለ ነገስ? ኤኤም4 ላይ ነገ ባለ ትልቅ ካሹን 5700ኤክስ3ዲ ሰክቶ ማዘርቦርዱን ሳይቀይር የጌም ኮምፒውተር ያደርገዋል። ኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልዶች ደግሞ የገጠማቸውን አይታችኋል።

አቤል_ኤፍፒኤስ፦
5700ኤክስ3ዲን መጀመሪያ አግኝልኝ፣ አሁን እንደ ልብ አይገኝም። ያለውም በተወደደ ዋጋ ነው።

የ13ኛውና የ14ኛው ችግር እውነት ነው። ቮልቴጁ ከሚገባው በላይ እየወጣ ቺፑን ያስረጀው ነበር፣ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ነሐሴና መስከረም በባዮስ በኩል ማስተካከያ አውጥቷል፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። 12ኛ ትውልድ ግን ከዚህ ውጭ ነው። 12400 አይነካውም። ነገ ማሳደግ ለሚፈልግ ደግሞ 12700 አለ፣ እሱም 12ኛ ነው።

ሻርጃ_ልጅ፦
ለምን አዲሱ የኤኤምዲ ሶኬት ኤኤም5 ላይ አይገባም? ራይዘን 5 7600 የውስጥ ግራፊክስም አለው፣ ሶኬቱም ገና ብዙ ዕድሜ አለው።

ማሂ_ጥገና፦
ዲዲአር5 ይፈልጋላ። ልጁ እጁ ላይ ያለውን 16 ጊጋ ጥሎ በዚህ ዋጋ አዲስ ራም ይግዛ?

ናቲ_ገርጂ፦
እሺ፣ ከሁላችሁም የገባኝን ልናገር። ስራዬ እንጀራዬ ስለሆነ የሚቀድመው እሱ ነው። ኮር አይ5-12400 ያለ ኤፍ፣ ቦክሱን፣ ከዱባይ። ቦርዱን እዚህ፣ ዲዲአር4። ደህና ፓወር። ካርዱ ሲደርስ ይደርሳል። ወንድሜን እኔ አሳምነዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቦርዱን ኤች610 ልግዛ ወይስ ቢ760? የዋጋ ልዩነታቸው አስደነገጠኝ።

ማሂ_ጥገና፦
ለ12400 ኤች610 በቂ ነው፣ ጌም ላይ አንድም ነገር አያሳጣህም፣ ለካርዱም ፒሲአይኢ 4.0 ይሰጥሃል። የሚያንሰው ቀዳዳ ነው። ብዙዎቹ ሁለት የራም ቀዳዳና አንድ የኤም.2 ኤስኤስዲ ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸው። ሁለቱን 8 ጊጋ ሰክተህ ነገ 32 ልሁን ብትል ሁለቱንም አውጥተህ ነው። ቢ760 አራት ቀዳዳ ያለውን ካገኘህ ሁለት ትጨምርበታለህ። ያንተ ኤክሴል ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የምታውቀው አንተ ነህ።

ስትገጥመው ባዮስ ገብተህ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ሴቲንግ) አብራ። ካላበራኸው 3200 የተባለው ራም 2133 ወይም 2666 ላይ ሊሄድ ይችላል፣ ማንም አይነግርህም። ኤች610 እስከ 3200 ስለሚፈቅድ ላንተ ራም ይበቃል። ካርዱን ስትሰካ ደግሞ የሞኒተሩን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅለህ ካርዱ ላይ ሰካው። አትሳቅ፣ ካርድ ገዝቶ ገመዱን ሳይቀይር "ምንም ለውጥ የለውም" ብሎ የመጣ ደንበኛ አለኝ።

የውስጥ ግራፊክሱንም ባዮስ ላይ አታጥፋው። ቪዲዮ ኤዲት ካደረግህ የውስጥ ግራፊክሱ ቪዲዮ ማፍጠኛ ክዊክ ሲንክ ከካርዱ ጎን ይሰራልሃል፣ ካርዱ አንድ ቀን ቢሞት ደግሞ ስራህ አይቆምም።

ናቲ_ገርጂ፦
ማሂ ተባረኪ። ቢ760 ባለ አራቱን አፈላልጋለሁ፣ ካጣሁ ኤች610።

ፀሐይ_ግባት፦
የድሮውን ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር ትሸጣለህ?

ናቲ_ገርጂ፦
ያለ ራም ነው። 7ኛ ትውልድ አይ5 ነው፣ ባዮሱን ከፍቼ አሳይሃለሁ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።